ዋራስን የገደለው ሰው

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የራደን ቻንድራዊጃያን ስም ግን ያወጣው ራሱ ራደን ቻንድራዊጃያ ነው፤ መልአክ እንዲህ ያለ ጉራ አያውቅም። እናቱ ያወጣችለት ስም ፓይሚን ነበር። በፓሂንግ የገበያ ቀን ተወለደ፣ ፓይሚን አለችው፣ አለቀ። በጃቫ ደሴት፣ በሶሎ ከተማ እንዲህ ያለ ስም ያላቸው ሰዎች ሩዝ ይሸከማሉ፣ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ይነዳሉ፣ በሰው ሠርግ ወንበር ይደረድራሉ። ፓይሚን ደግሞ በአንድ ቲያትር ቤት በር ላይ ትኬት ይቆርጥ ነበር። የመድረኩ ነገሥታት ወርቃማ ቀለም በተቀባ የካርቶን ሰይፍ ሲሞሻለቁ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቆ እያየ ጎረመሰ። ስለ ጦርነት የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው። እስከ ዛሬም የሰፈሩን ዝይ ፈርቶ በሌላ መንገድ ዞሮ የሚገባ ሰው ነው።

ጃቫ ውስጥ ወንድ ልጅ ሲያገባ የጎልማሳ ስም መያዙ ነውር የለውም። የሙሽራዋ ሽማግሌዎች ለዚህ ብለው «ሳስትሮ» የምትል ልከኛ ስም ይዘውለት መጡ። እሱ ግን «ራደን ቻንድራዊጃያ» ብሎ ቁጭ። ራደን የመሳፍንት ማዕረግ ነው፤ እሱ ቤተ መንግሥቱን የሚያውቀው በአጥሩ በውጭ በኩል ነው። ሰፈሩ ፓይሚን ማለቱን አልተወም፣ እኛም አንተውም። ሚስቱ ንጋቲየም የድሮ ሰው ናትና በልጃቸው ስም «የላስትሪ አባት» ትለዋለች፣ ደግሞም አንቱ ነው የምትለው። ሰውን አንቱ እያሉ መስደብ እንደሚቻል ያላመነ መጥቶ እሷን ይስማ።

ፓይሚን የሰይፍና የጀብዱ ልብ ወለድ ይጽፋል፤ በየጉልቱ ለንባብ የሚከራዩትን፣ ሽፋናቸው ላይ ነብር የሚያገሳባቸውን ቀጫጭን መጻሕፍት። ሙያው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስም ነው፣ ሰውየው በኋላ ይደርሳል። ጠዋት መታጠቢያ ቤት ይገባና ውሃውን በጣሳ ላዩ ላይ እያፈሰሰ አዲስ ስም ይጮኻል። ስሙ ከግድግዳው ተመልሶ ካስተጋባ ጀግና ነው። ካላስተጋባ የጀግናው ጓደኛ ይሆናል። ከዚያ ገላ ይገጠምለታል፦ ጠጉሩ የፓይሚን የወጣትነት ጠጉር፣ ደረቱ ፓይሚን ኖሮት የማያውቅ ደረት። ልጃገረዶቹ የአበባ ስም ስላላቸው እህል አይቀምሱም፣ ከገደል ቢወረወሩም ጠጉራቸው አይበተንም።

ክፉዎቹ የጎረቤት ስም ይደርሳቸዋል። የሰፈሩ ሹም ቦዩን እንዲጠርግ ቢያዘው፣ በሚቀጥለው መጽሐፍ አፍንጫው ላይ ኪንታሮት ያበቀለ መርዘኛ ሆኖ መጣ። ሥጋ ጠባሹ ጊሚን አንድ ቀን ያረረ ጥብስ አቅርቦለት ባለ አንድ ዓይን ሽፍታ ሆኖ ቀረ። ጊሚን ግን መች ተቀየመ! መጽሐፉን ከከሰሉ በላይ ሰቅሎ «የባለ አንድ ዓይኑ ጥብስ!» እያለ ይጣራል፤ ገበያውም ደርቶለታል።

ዋራስ ደግሞ አለ። ጠላት ጨካኝ መሆኑ እንዲታወቅ ገጽ ሦስት ላይ አንድ ሰው መሞት አለበት። ገጽ ሦስት ላይ ለሚሞት ሰው ረጅም ስም ማባከን ምን ይሉታል? ስለዚህ በየመጽሐፉ ዋራስ የሚባል አሽከር ፈረስ ሊያጠጣ ይወጣል፣ «ጌታዬ፣ ከኋላዎ!» ብሎ ይጮኻል፣ ይሞታል። ዋራስ ማለት በጃቫኛ ጤነኛ፣ ከሕመሙ የዳነ ማለት ነው። ፓይሚን ይህን ከቀልዶቹ ሁሉ የበለጠ ቀልድ አድርጎ ስለሚቆጥረው ስሙን በጻፈ ቁጥር ብቻውን ይስቃል።

ላስትሪ ወንድ ልጅ የወለደች ጊዜ ባሏ መርከብ ላይ ስለነበር ስም ማውጣቱ በአያትየው እጅ ወደቀ። አያትየው መታጠቢያ ቤት ገብቶ ጮኸ። ልጁም ሱርያ ማንጋላ ዊሴሳ ጃጋድ ተባለ፤ ፀሐይ፣ የጦር አዝማች፣ የዓለም ገዢ። ዝናብ ከመታት የድመት ግልገል የማይበልጥ ሕፃን!

ብዙም ሳይቆይ የዓለም ገዢው አተኮሰው፣ ጡት መጥባትም እምቢ አለ። ከክሊኒኩ የተሰጠው ሽሮፕ ትኩሳቱን አንድ ቀን ያበርደዋል፣ በማግስቱ ይመለስበታል። ላስትሪ ስታለቅስ ሰንብታ ልጁን ያዋለደቻትን እማማ ኪናህን አስጠራች። አሮጊቷ ሕፃኑን አቅፋ ስሙን ጠየቀች፣ ላስትሪም መናገር ጀመረች።

«አላለቀም እንዴ?» አለች እማማ ኪናህ መሃል ላይ።

«ጃጋድ ይቀራል።»

«በሞትኩት! ልጄ፣ ይሄን እኔ ራሴ ተሸክሜ ገበያ አልደርስም። ስሙ ከብዶት ነው። አውርዱለት።»

ይህን በጃቫ የማያውቅ የለም። ስም ከልጁ ሲከብድ ልጁን ያደቀዋል፤ ያኔ ቀይና ነጭ የሩዝ ገንፎ ተሠርቶ፣ ጎረቤት በልቶ፣ ልጁ በቀላል ስም ይጠራል።

«አጉል እምነት!» አለ ፓይሚን ከወንበሩ ሳይነሳ። «ስም ጀግና ያደርጋል እንጂ አያሳምምም። እኔ ስንቱን ሠርቻለሁ!»

«እርስዎ የሠሯቸው አይታመሙማ፣ ወረቀት ናቸው» አለች ንጋቲየም። «እስቲ የላስትሪ አባት፣ ፓይሚን በሚባሉበት ጊዜ ወገብዎን ያምዎት ነበር?»

እማማ ኪናህ ድዷ እስኪታይ ሳቀች። ላስትሪ አልሳቀችም።

«አባዬ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው። ስሙ ይለወጥ። ዋራስ ይባል።»

ፓይሚንን ሻዩ ትን አለው። «ዋራስ? የአሽከር ስም! ዋራስን እኮ በየመጽሐፉ ገድዬዋለሁ!»

«አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ መጽሐፍዎን የማነበው እሱን ፍለጋ ነበር። ይገድሉታል፣ በሚቀጥለው ፈረሱን ይዞ ከች ይላል። ጀግኖችዎ ግን አንዴ ካለቁ የት እንደገቡ እንኳ አይታወቅም። እኔ ለልጄ የምፈልገው የማያልቀውን ስም ነው።»

 ንጋቲየም ገንፎውን ጣደች። ከሰዓት በኋላ ሽፍቶቹና መርዘኞቹ ሁሉ ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለብሰው መጡ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው በሉ። የሰፈሩ ሹም ሕፃኑን አቀፈና «በርታ ዋራስ! ገጽ ሦስትን ካለፍክ ማንም አይነካህም» አለው። ጊሚን ደግሞ ወደ ፓይሚን ዞሮ «ፈረሱን ግን አጠጥቶታል?» ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ፓይሚን ተነሥቶ ጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀመጠ። አሳታሚው አዲሱን መጽሐፍ እየጠበቀ ነበር፣ እሱም ገጽ ሦስት ላይ ነበር። ፈረሱ ጠምቶታል። «ዋራስ» ብሎ ጻፈ። ከመጋረጃው ወዲያ ሕፃኑ በጭንቅ ይተነፍሳል። ወረቀቱን ቀደደው። ጊሚን ይሙት አለ፤ ጊሚን ምንጣፉ ላይ ገንፎውን ይልሳል። ሹሙ ይሙት አለ፤ ሹሙ ልጁን አቅፎ እሽሩሩ ይላል። ሰው በገዛ ቤቱ የሚገድለው አጥቶ ተቀመጠ። አላምንም ያለው አጉል እምነት እጁን ያዘው፤ እንደ ዕድሜ ልኩ ሁሉ፣ አሁንም ፈራ። በመጨረሻ በሁለት ጣቱ አዲስ ስም መታ፣ አንገቱን ደፍቶ ሰይፉን አወረደበት።

ልጁ ዳነ። ክሊኒኩ ሽሮፑ ነው ይላል፣ እማማ ኪናህ ስሙ ነው ትላለች። ዛሬ ዋራስ እየዳኸ የአያቱን ወረቀት ያኝካል።

መጽሐፉ ሲወጣ አንባቢው ሁሉ «ዋራስ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ፤ ስለ ሟቹ የጠየቀ አልነበረም። የባሏን ድርሰት ገልጣ የማታውቀው ንጋቲየም ግን የሰፈሩን ሐሜት ሰምታ ያን ቀን ተከራይታ አመጣችው። ገጽ ሦስት ላይ ጣቷን አሳርፋ ቀስ ብላ አነበበች፦ ፓይሚን የሚባል አንድ ትኬት ቆራጭ ፈረስ ሊያጠጣ ወጣ።

እስከ መጨረሻው አንብባ ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«የላስትሪ አባት» አለች። «በዕድሜዎ አንድ እውነተኛ ሰው ጻፉ። እሱንም ገደሉት።»