ወደ አርብ የሚሄደው አውሮፕላን

ጎረቤቴ ሉፔሲና ግትር ናት። ይህን ከጀርባዋ አላወራም፤ ፊት ለፊትም ነግሬያታለሁ። ከእኛ ባሕር ማዶ ፓጎ ፓጎ የምትኖረውን ታናሽ እህቷን ኢያኔታን፣ በእናታቸው ቀብር ላይ መዝሙሩን ማን ይምራ በሚል ተጣልታ አሥራ ሁለት ዓመት ዘጋቻት። ፓስተሩ ሲጨቀጭቃት በምእመኑ ሁሉ ፊት ተነሥታ፣ «ስድሳ ዓመት የሚሞላኝ ቀን አናግራታለሁ። ከዚያ በፊትም በኋላም የለም!» ብላ ማለች። እኛ ሳሞአዎች ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተማለ ነገር አንረሳም፤ የማለው ሰው ቢረሳ እንኳ እናስታውሰዋለን።

ልደቷ ዲሴምበር ሠላሳ ነው። ስድሳ በምትሞላበት ዓመት መንግሥት፣ በአንድ ቀን ከቀደሙን ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር እኩል ሰኞ እንድንል ብሎ አንድ ቀን አዘለለን። ሐሙስ ማታ ተኛን፤ ቅዳሜ ነቃን። አርብ ዲሴምበር ሠላሳ አገራችን ሳይገባ አለፈ።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለችኝ ሉፔሲና ቅዳሜ ጠዋት በአጥሩ በኩል። ዐይኗ ግን ቀልቷል። «ቀኑን የበላው መንግሥት ነው። ስድሳ አልሞላኝም።»

«ፓጎ ፓጎ እኮ የአሜሪካ ናት፤ እነሱ አልዘለሉም። እዚያ ዛሬ ገና አርብ ነው» አልኳት። እኔም እዚያ ያሉት አማቶቼ ጋ ለመሄድ ቲኬት ይዣለሁ። «በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ከምናምን ነው። ዛሬ ቀትር ላይ ብትነሺ ትናንት ቀትር ላይ ትደርሻለሽ።»

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ለልደቷ በጋለ ድንጋይ ያበሰለችውን የአሳማ ግልገል በቅጠል ጠቅልላ ተከተለችኝ። ለኢያኔታ ደውዬ መምጣታችንን ነገርኳት።

ትንሿ አውሮፕላን ላይ ሰውም እንደ ዕቃ ተመዝኖ ነው የሚሳፈረው። እኔና ሌሎቹ ተመዝነን ተቀምጠናል። ሉፔሲና አሳማዋን አቅፋ ሚዛኑ ላይ ወጣች።

«እትዬ፣ ወይ እርስዎ ወይ አሳማው» አላት መዛኙ።

«ባዶ እጄን እህቴ ቤት ልግባ? ነውር አይደለም?»

«አውሮፕላኗ ሁለታችሁን አትችልም። አሳማውን ይዘው በነገው በረራ ይሂዱ።»

የነገው በረራ ፓጎ ፓጎ የሚያደርሰው ቅዳሜ ነው። አርብ እዚያም ሊያልቅ ነው። ሉፔሲና ከሚዛኑ ወርዳ ትንሽ አሰበች።

«እነዚህ ተመዝነዋል፣ አይደል?» አለች ወደ እኛ እየጠቆመች።

«አዎ።»

«ድጋሚ ይመዘናሉ?»

«አይ፣ አንዴ ብቻ ነው» አለ መዛኙ። ሉፔሲና ቅጠሉን ፈታችው። «በሉ፣ ብሉ!»

በላን። ኧረ እንዴት አድርገን! ስለ ሆድ የወጣ ደንብ አልነበረም። ሊጠራን የመጣው ፓይለትም አንድ ጭን ይዞ ተመለሰ። አሳማው በየሆዳችን ተከፋፍሎ ተሳፈረ። እሷ ግን አልቀመሰችም፤ ገና ልትመዘን ነዋ።

በመንገድ ላይ «እዚያ አርብ ነው፣ አይደል?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ አንጀቴን በላችው።

አርብ ቀትር ላይ አረፍን። ኢያኔታ የአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆማለች። ሉፔሲና ፊቷ ሄዳ ባዶ እጆቿን ዘረጋች።

«ርቦኛል» አለቻት።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ቃል ይኸው ነበር። ኢያኔታ እየሳቀች አለቀሰች።

«እንኳን አደረሰሽ፣ እትዬ» አለች አንገቷ ላይ ተጠምጥማ። «ግን ለዛሬ ብቻ ነው? ነገ ልትዘጊኝ ነው?»

«ነገንማ እኛ ጋ እስከ ቀትር ኖሬው መጣሁ» አለች ሉፔሲና። «አንቺ የለሽበትም። አይረባም።»