የኑሪያ ትምህርት ከሞያሌ አይነሳም

ወንድሟ ዛሬ ጠዋት ደውሎ «ኑሪያ አረፈች» ሲለኝ «በል ስልኩን ስጣትና ራሷ ትንገረኝ» አልኩት። እውነቴን ነው። ሲያለቅስ ሰማሁት።

አሁን በኬንያው ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር፣ እናቷ ቤት ነኝ። ወንዶቹ ሊቀብሯት ሄደዋል። ሴቶቹ ጓዳውንም በረንዳውንም ሞልተውታል፤ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ይህን እጽፋለሁ። ማልቀስ ነበረብኝ። ከንዴት ብዛት ግን እንባዬ እምቢ ብሏል።

መጀመሪያ የተናደድኩት በራሷ ነው። ራሴን አመመኝ ባለች ቁጥር «ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ግፊትሽን ተለኪ» እላታለሁ። «ሀያ፣ ሀያ፣ እሺ፣ ከትምህርቱ በኋላ» ትለኛለች። ሁሉም ነገር ከዚያ ከምታዘጋጀው ትምህርት በኋላ ነበር። ይኸው ንጋት ላይ ራሷን እንደያዘች ወድቃ ቀረች።

ለማታውቋት፣ ኑሪያ የማንያታ ልጅ፣ የሒሳብ ዶክተር ነች። ሥራዋ ቶፖሎጂ ነው። ቅርጾችን እንደ ሊጥ እየሳቡና እያጣመሙ፣ ግን ሳይቀድዱ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ መለየት። ቅርጾቹን ማኒፎልድ ይሏቸዋል። እኔ ደግሞ ከድንበሩ ወዲያ፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ።

የተዋወቅነው ናይሮቢ ነው፣ ለማስተርስና ለዶክትሬት ተማሪዎች በተዘጋጀ የክረምት ትምህርት ላይ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ሥሎ «ይህን ጠርዝ ከዚያኛው ጋር ስናጣብቅ» እያለ ይነጉዳል። ሁላችንም ራሳችንን እየነቀነቅን እንገለብጣለን። እኔ ምንም አልገባኝም። ኑሪያ እጇን አወጣችና «ይቅርታ፣ በእጅህ አሳየኝ» አለችው።

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችውን ሌሶ አወረደችና ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሁለቱን ረጃጅም ጠርዞች ገጥማ በመርፌ ቁልፍ ስትይዛቸው ቱቦ ሆነ፤ የቱቦውን ሁለት አፍ ስታገናኝ አምባር የመሰለ ነገር። መምህሩ ራሱ መጥቶ ጨርቁን ያዘላት። ያን ቀን ገባኝ። ዛሬ ተማሪዎቼን የማስተምረው እንደዚያ ነው።

«በእጅሽ አሳዪኝ» የማትለው ሰው አልነበረም። አግዝሻለሁ ስላት፣ በእጅሽ አሳዪኝ። እወድሻለሁ ስላት፣ በእጅሽ አሳዪኝ። ታበሳጭ ነበር፣ አልዋሽም።

ዘንድሮ ያንኑ ትምህርት ሞያሌ ካላመጣሁ ብላ አዘጋጆቹን መግቢያ መውጫ አሳጣቻቸው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ሙቀቱ አይቻልም አሏት። «ከያቤሎ የሚመጣውን ተማሪ ናይሮቢ ላይ ማን ያሳድረዋል? ከኡራን የምትመጣዋንስ?» እያለች በስልክ ስትሟገት አጠገቧ ነበርኩ። እሺ አሰኘቻቸው። እዚሁ ሞያሌ፣ ቡቲዬ ሰፈር አዳራሽ አገኘች። የማንያታ እናቶች ተማሪዎቹን ሊያሳድሩ ፍራሽ ሰበሰቡ። የሚጀመረው በሚቀጥለው ወር ነው።

ባለፈው ሳምንት የመክፈቻውን ትምህርት እናቷ ሱቅ ውስጥ ስንለማመድ ነበር። እናቷን ማማ ኑሪያ እንላቸዋለን፤ ሌሶ ይሸጣሉ። ኑሪያ የክላይን ጠርሙስ የሚባለውን፣ ውስጥና ውጭ የሌለውን ቅርጽ ልትሠራ አዲስ ሌሶ ከመደርደሪያ አወረደች። ቅርጹ በራሱ ውስጥ ካላለፈ አይዘጋም። ስለዚህ ምንም ሳይመስላት መሀሉን በመቀስ ቀደደችው።

«ወዌ ኑሪያ! ይሄ ኒ ያ ኩኡዛ! የሚሸጥ ነው እኮ!» ማማ ጮኹ።

«ቆይ ማማ፣ ውስጥና ውጭ የሌለው ጨርቅ እየሠራሁልሽ ነው።»

«ኩዌሊ? እውነትሽን ነው? ውስጥ የለው፣ ውጭ የለው፣ መሀሉ ቀዳዳ። ማን ይለብሰዋል?»

ኑሪያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ማማ ተቆጥተው ወጡ፤ በር ላይ ሲደርሱ ግን እሳቸውም ሲስቁ አየኋቸው።

እናንተ የቡድናችን ሰዎች ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ «ፖሌ ሳና፣ በጣም እናዝናለን፣ ሕልሟን እናስቀጥላለን» ስትሉ ዋላችሁ። ከዚያ ከአዘጋጆቹ አንዱ የጋራ የስልክ ቡድናችን ላይ ብቅ አለና «በደረሰብን ሐዘን ምክንያት ትምህርቱ ናይሮቢ እንዲሆን ተወስኗል» ብሎ ጻፈ። ገና አፈር እንኳ አልለበሰችም! ከሥሩ የተሰበረ ልብ ደረደራችሁ። «ለምን?» ያለ አንድ ሰው የለም። ሕልሟ ሌላ ምን መስሏችሁ ነው?

መልእክቱን ለማማ አነበብኩላቸው። «ፍራሾቹን ለባለቤቶቹ ልመልስ?» ብለው ጠየቁኝ። ልጃቸው እየተቀበረች ስለ ሰው ፍራሽ ያስባሉ።

«አይመልሱ፣ ማማ» አልኳቸው። ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ አሁን ሳስበውም ያው ነው።

ስለዚህ ስሙኝ። አዳራሹ አይመለስም። ናይሮቢ የሚሄድ ይሂድ። ቡቲዬ መጥቶ የሚያስተምር ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ማደሪያ አለ። «እናስቀጥላለን» ያላችሁኝ ሁሉ፣ በእጃችሁ አሳዩኝ።

ኑሪያ፣ እህቴ፣ አሁንም ተናድጄብሻለሁ። የመክፈቻውን ቀን እኔ ላይ ጥለሽው ሄድሽ። ያ ቅርጽሽ ደግሞ ዛሬም በደንብ እንዳልገባኝ ታውቂያለሽ። ማማ የቀደድሽውን ሌሶ አልጣሉትም፤ ጠቅልለው አሁን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። መርፌ ቁልፎችሽ እንደሰካሻቸው ናቸው። አንዱ ጣቴን ወጋኝና ይኸው ማልቀስ ጀመርኩ።

አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቅሽ። ሂጂ በቃ፣ አታስቢ። ቡቲዬ ላይ ቆሜ፣ ቢጠፋብኝም እየፈታሁ እንደገና እየሰካሁ፣ በእጄ አሳያቸዋለሁ።