ያልተነሳው ተቃውሞ

ወንድሜ ዓብዩ የተረጋጋ ሰው ነው ብዬ አልዋሽም፤ የኛ ቤት ሰው ሁሉ ቁጡ ነው። ያን ቀን ግን ጥጋበኛው ሌላ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዓብዩ የሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ፣ አንዱ ሰካራም መጥቶ ቁልፌን አለ። ሰክረህ አትነዳም ብሎ ቢከለክለው ጉሮሮውን አነቀው። ዓብዩ ገፈተረው፤ ሰውየው ወደቀና ጭንቅላቱ ተሰነጠቀ። በቃ፣ ወንጀሉ ይኸው ነው!

ጠበቃ አላጣንም። ሳሌም አለች፣ እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው፣ እኔው ክርስትና ያነሳኋት ልጅ። እዚህ ተወልዳ እዚሁ ነው የተማረችው። አማርኛዋ ቢሰባበርም እኔን "አንቱ" ማለት አትረሳም። ምነው በረሳችው!

በመጨረሻው ቀን ዳኛዋ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ለሚወስኑት አሥራ ሁለት ጁሪዎች ሕጉን አነበቡላቸው። ገፍትሮ የጎዳ ጥፋተኛ ነው አሉ። ራሱን ለማዳን ከሆነ ግን ነፃ ነው የሚለውን ዘለሉት። የኛ መከራከሪያ ደግሞ ያ ብቻ ነበር። ጁሪዎቹ ለመወሰን ከመግባታቸው በፊት አሥር ደቂቃ ዕረፍት ሆነና ሳሌም ኮሪደሩ ላይ እየሮጠች መጣች።

"እትዬ ከበቡሽ፣ ዋናውን ነገር ዘለሉት። አሁን ገብቼ ኦብጀክት ላደርግ ነው።"

"ማንን?"

"ዳኛዋን። ተሳስተዋል ልላቸው ነው።"

ክው አልኩ። "አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ጠዋት ፈገግ ብለውልናል እኮ! ትልቅ ሰው በአደባባይ ተሳስተሻል ይባላል እንዴ? ንዴታቸውን በዓብዩ ነው የሚወጡት።"

"ግን እትዬ፣ አሁን ካልተናገርኩ በኋላ አፒል፣ ይግባኝ ላይ..."

"በሞቴ! ተይው ብያለሁ።"

አቀረቀረች። ዳኛዋ "የምትሉት አለ?" ብለው ሲጠይቁ "የለም" አለች። ዓብዩን የጠየቀው ማንም የለም። ጁሪዎቹ ጥፋተኛ አሉት፤ ዳኛዋ አምስት ዓመት ፈረዱበት።

ይግባኙን ሌላ ጠበቃ ያዘው። ከተሳካ እንደ አዲስ ይዳኛል፣ ይወጣል ተባልን። ዓመት ከምናምን ጠብቀን ባለፈው ሳምንት ውሳኔው መጣ። ሳሌም ላንግሊ ፓርክ ቤቴ ድረስ ይዛው መጥታ አነበበችልኝ። ዳኛዋ ተሳስተዋል ይላል። እልል ልል ስል እጄን ያዘችኝ። ጠበቃዋ በጊዜው ስላልተቃወመች ግን ስህተቱ አሁን አይታይለትም ይላል። ፍርዱ ጸና።

"ለዓብዩ ረስቼው ነው ብየዋለሁ" አለችኝ እያለቀሰች። "የእርስዎን ስም አላነሳሁም።"

እኔ እንባ እንኳ አልመጣልኝም። በራሴ ንዴት ድብን አልኩ። የኔ ጥፋት መሆኑን አልነግረውም እንዴ ብዬ ስፎክር ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ከእስር ቤት ደወለ።

"እህትዓለም፣ ሰማሽ አይደል? ዳኛዋ ተሳስታ እኔ ልታሰር! ሳሌም ረሳሁ ትለኛለች። ሳሌም ናት የምትረሳው? ሰው ነው ዝም ያሰኛት። ማንም ይሁን፣ እግዜር የእጁን ይስጠው!"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"አሜን በይ እንጂ!"

"አሜን" አልኩ።