ድግስ የደገሰችው ተረጂ

ትናንት ማርያም ነበረች፣ ሃያ አንድ። ማህበሩ ደግሞ እኔ ቤት ነው። ዳቦውን አውጥቼ ሰፌዱ ላይ ሳሳርፍ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ...

«ማነው?»

«ከእርዳታ ድርጅቱ ነው!»

ክው አልኩ።

ለማታውቁኝ... ንፋስ መውጫ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቼን የማሳድገው የሰው ልብስ እያጠብኩ ነው። በክረምት ደግሞ ልብሱ አይደርቅም፣ ሰዉም አያሳጥብም። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለከተማው ችግረኛ በየወሩ ዱቄት፣ ክክና ዘይት ይሰጣል፤ እኔም ከሚሰጣቸው አንዷ ነኝ። ሐቁን ልናገር፣ እሱ ባይኖር ልጆቼ ጦማቸውን የሚያድሩበት ቀን ብዙ ነበር።

ግን ባለፈው ወር የማህበሩን ጽዋ አንስቻለሁ። ጽዋ ያነሳ ሰው በወሩ ይደግሳል፣ አለቀ። «አልሞላልኝም» ይባላል እንዴ? ብቅሉንና ጌሾውን ጎረቤቶቼ አዋጡልኝና ጠላውን ጠመቅን። ዱቄት ግን ከድርጅቱ በቀር ከየት ይምጣ? አቡክቼ ደፋሁት።

በሩን ከፈትኩ። ዱቄት ሲያድል የማውቀው፣ ከእስቴ የመጣ ልጅ ነው። የድርጅቱ ምልክት ያለበትን ኮፍያ ደፍቶ፣ ስልኩን ይዞ ቆሟል። ዱቄቱን የሚሸጥ ሰው አለ ተብሎ ቤት ለቤት እየዞረ ነው ለካ። ቤት ሙሉ ሰው ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ማህበር ነው። ግባ፣ የማርያም እንግዳ ነህ።»

«ዱቄቱ የኛ ነው?»

ከማህበርተኞቹ አንዷ ከኋላዬ ቀሚሴን እየጎተተች «ገዛሁት በይ! ገዛሁት በይ!» ትለኛለች። ገዛሁት ብል አምኖኝ ይሄድ ይሆናል... ግን ጽዋው ፊቴ ተቀምጦ እንዴት አድርጌ ልዋሽ?

«አዎ፣ የእናንተው ነው» አልኩት።

«እህቴ፣ ይሄ የተሰጠሽ ለቤተሰብሽ ነው። ድግስ መደገስ የሚችል ሰው ደግሞ ተረጂ ሊሆን አይችልም። ላለቆቼ ማሳወቄ ነው... ከእርዳታው ትወጫለሽ።»

የልጆቼ ጉሮሮ ነው እኮ! መሬት ወድቄ ልለምነው ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ ንዴቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አንደበቴ ተፈታ።

«ስማ ወንድሜ! ደሃ ነኝ አልኩ እንጂ ብቻዬን ነኝ መቼ አልኩ? ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ እነዚህ ናቸው። ባሌ የሞተ ለት አቅፈው ያሳደሩኝ እነዚህ ናቸው። እናንተ ሳትመጡ ልጆቼን ማን ያበላቸው መሰለህ? በየቤታቸው ስበላ ኖሬ ተራዬ ሲደርስ በሬን ልዝጋ?»

«መመሪያው እኮ...»

«መመሪያህን ተወውና፣ እናትህ ማህበር የላትም?»

ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳብ አደረገ።

አባ፣ የማህበሩ ቄስ፣ ዳር ላይ ቁጭ ብለው ሲሰሙ ነበር። ብድግ አሉና «በል ልጄ፣ ጽዋው ሊባረክ ነው። ኮፍያህን አውልቅ» አሉት። አወለቀ። ምን ያድርግ! ጸሎቱ እንዳለቀ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእንግዳው ሰጡት፣ እሱም በሁለት እጁ ተቀበለ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ግን ማሳወቄ አይቀርም።» ዳቦውን እያኘከ! ወይ ጉድ!

የባሰው የመጣው ግን መጨረሻ ላይ ነው። አባ ጽዋውን ይዘው «የሚመጣውን ወር ማን ያንሳ?» ሲሉ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ተራው የአንዲት ጎረቤቴ ነበር። እሷም ከዚያው ድርጅት ትቀበላለች፣ ልጆቿ ከኔ ይበዛሉ። አንገቷን ደፍታ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። አልፈረድኩባትም። ግን ማህበራችን ዓይኔ እያየ ሊፈርስ ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

ያኔ ከጥግ የማህበራችን አባል እማሆይ ተነሱ። ከሁላችንም የቸገራቸው እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ዱቄት ሌላ ምንም የላቸውም።

«እኔ አነሳለሁ» አሉ። ወደ ልጁም ዞሩና «ስልክህ ላይ ጻፍ ልጄ። ከሰጣችሁኝ ዱቄት ነው የምደፋው። ብትከለክሉኝ እነዚህ ያበሉኛል።»

ይሄን ጊዜ ጎረቤቴ ዘላ ተነሳች።

«ኧረ እማሆይ፣ ተራዬን አይውሰዱብኝ!»

«አንቺማ ፈርተሽ የለም እንዴ!»

«ብፈራስ! ተራው የኔ ነው!»

አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ጽዋውን ሲጓተቱ ጠላው አባ ላይ ሊደፋ! የተሰበሰበው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ከነእንባዬ ሳቅሁ። አባ ለባለተራዋ ፈረዱላት። እማሆይ አኩርፈው ተቀመጡ፤ እስኪመሽም አልታረቁንም።

ልጁ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። በር ላይ ሲደርስ ዞር አለና «ሁልጊዜ በሃያ አንድ ነው?» አለኝ።

«በሃያ አንድ ነው።»

ለቁጥጥር ይሁን ለዳቦው እግዜር ይወቀው።

በሚቀጥለው እደላ ይስጡኝ ይከልክሉኝ አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ አልደብቃችሁም። ቢሆንም ነገ ተነገወዲያም ተራዬ ቢደርስ ያንኑ ዱቄት አቡክቼ ያንኑ ዳቦ እደፋለሁ።

የድርጅቱ ሰዎች ይሄን ካነበባችሁ... በሃያ አንድ በራችን ክፍት ነው፤ ኮፍያችሁን ብቻ ቤታችሁ ትታችሁ ኑ።