ሳልታመም የተጠየቅኩበት ሰሞን

ልጄ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ የመጣች ሰሞን ቡታጅራ ውስጥ ከእኛ ቤት የበለጠ ደስ ያለው ቤት አልነበረም። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ለካ መማር ብቻውን አይበቃም። ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለው የብቃት ምዘና ፈተና አለ፤ እሱን ካላለፉ የሥራ ፈቃድ የለም። ፈተናው አንዱ በጽሑፍ፣ አንዱ በተግባር ነው። የጽሑፉን አለፈች። በተግባሩ ወደቀች።

እኔ ማንበብን ከልጆቼ ደብተር ላይ የለመድኩ ሰው ነኝና የፈተና ነገር አይገባኝም። "በእጅ የሚሠራ ነገር እንዴት ይወድቃል?" አልኳት።

"እጄማ ይሠራል እማዬ። አፌ ነው እምቢ ያለኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈታኙ አጠገብሽ ቆሞ እያየሽ፣ የምታደርጊውን ሁሉ አስቀድመሽ ለታማሚው በቃል ማስረዳት አለብሽ። ግፊትዎን ልለካ ነው፣ ይፈቅዱልኛል? እያልሽ። ያልተነገረ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የእኔ ልጅ ደግሞ ሰው ትኩር ብሎ ካያት ስሟንም ትረሳለች። እዚሁ ከተማ ያለ አንድ ክሊኒክ "ፈቃድሽን ይዘሽ ነዪ፣ ቦታሽ አለ" ብሏታል። ዳግመኛ ከወደቀች ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ስለዚህ ታማሚ ሆንኩላት።

ጠዋት አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ፤ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ገባች።

"ጤና ይስጥልኝ እናቴ። ዛሬ እርስዎን የምከታተለው ነርስ እኔ ነኝ።"

ከተወለደች ጀምሮ አንቱ ብላኝ አታውቅም። ሳቄ አመለጠኝ።

"እማዬ! ታማሚ አይስቅም!"

"ሳቅ የሚከለክለው የትኛው በሽታ ነው?"

"በጣም ደክሞሻል ተብሏል እኮ። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ አትናገሪ።"

ጨፈንኩ። የግሉኮስ መስመር ነው ብላ አንድ ቀጭን ቱቦ ክንዴ ላይ በፕላስተር ለጠፈችብኝ፤ ግፊት መለኪያውን በሌላው ክንዴ አሰረች፤ ቴርሞሜትር ምላሴ ሥር ከተተች። ልክ በዚህ መሀል የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ ሰፌድ ልትዋስ ገባች።

"አሰላሙ አለ..." ብላ ቀጥ አለች። "ያ ረቢ! ምን ሆና ነው?"

ልጄ እንደ ልማዷ ዝም። እኔ ቴርሞሜትሩን እስካወጣ ሴትዮዋ መንገዱን ተሻግራለች። "ልምምድ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ውጪ ለቆመ ሰው ግን እንደ ማቃሰት ነበር የተሰማው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! እኛ ጋ የታመመ ሰው ሳይጠይቁ መቅረት ትልቅ ነውር ነው። ሙዝ የያዘ፣ ለስላሳ የያዘ፣ ብርቱካን የያዘ ቤቱን ሞላው። ለገባው ሁሉ "አልታመምኩም፣ ልጄ እየተለማመደችብኝ ነው" እላለሁ።

"እሷ ድሮም በሽታዋን ትደብቃለች" ይባባላሉ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ።

"ያኔ ጉንፋን ጥሏት ደህና ነኝ ስትል አልነበር?"

ተነስቼ ቆሜ ባሳያቸው ደግሞ "ኧረ አስተኟት፣ ልትወድቅ ነው!" ብለው ተረባረቡብኝ።

ልጄ ብርቱካኑን ለመርፌ መለማመጃ አደረገችው። ውሃ እየወጋች ወደ ሳህኑ ትመልሰዋለች። ጎረቤቴ አንዱን ልጣ በላችና "የዘንድሮ ብርቱካን ውሃ ብቻ ሆኗል" አለች። እኔና ልጄ ኮርኒሱን አየን።

በማግስቱ ታላቅ እህቴ ከጉንችሬ መጣች። ማን እንደደወለላት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በትልቅ ፌስታል ቡላ ተሸክማ፣ እያለቀሰች ገባች። ቁጭ ብዬ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋት። ግንባሬን ዳበሰች። ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት።

"እና ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ እትዬ።"

"ተኚ።"

"እንዴ?"

"ከጉንችሬ ድረስ ቡላ ተሸክሜ መጥቼ ደህና ሰው ጠይቄ አልመለስም! ተኚ አልኩሽ።" ወደ ልጄ ዞረች። "አንቺ ደግሞ የምትፈተኚውን አሳዪኝ።"

ልጄ ግፊት መለኪያውን አነሳች።

"ቆይ! እሱ ምንድነው?"

"ግፊት መለኪያ።"

"ለእሷ ነግረሻታል?"

"አልነገርኳትም።"

"ታዲያ ዝም ብለሽ የሰው ክንድ ታስሪያለሽ? በግ ናት?"

ጠያቂዎቹም ተከተሏት። እጅሽን ታጥበሻል? ስንት ሆነ? ስንት መሆን ነበረበት? ልጄ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ እህቴ "አልሰማንም!" ትላለች። አንዱ ቡድን ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ለገባው ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ማስረዳት ነው። እኔ ቡላዬን እየጠጣሁ ተኝቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ተመችቶኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ በወሬ ሲናወጥ፣ ልጄ ክንዴን እንደያዘች ድንገት ቀና አለች።

"አክስቴ! ሁላችሁም! የልብ ምት እየቆጠርኩ ነው፣ ዝም በሉልኝ!"

እኔ እህቴ ትቆጣታለች ብዬ ስፈራ፣ እሷ በክርኗ ጎሰመችኝ። "አፏ ተፈታ" አለች በሹክሹክታ።

ለፈተናው ወልቂጤ ድረስ አብሬያት ሄድኩ፤ በሩ ላይ ጠበቅኳት። ስትወጣ ፊቷ ግራ የተጋባ ነው።

"ታማሚው አሻንጉሊት ነው እማዬ። ሁሉንም ነገርኩት። መሀል ላይ ፈታኟ 'ይበቃል' አለችኝ።"

"ይበቃል ማለት ጥሩ ነው መጥፎ?"

"እኔ ምን አውቄ!"

ውጤቱ እስኪመጣ ያቺ "ይበቃል" እንቅልፍ ነሳችን። አለፈች።

ሥራ በጀመረች ሰሞን ምሳዋን ረስታ ሄዳ ላደርስላት ወደ ክሊኒኩ ጎራ አልኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ድምጿ ይሰማል፤ መርፌው ለምን እንደሆነ፣ የት እንደሚወጋ፣ በኋላ ምን እንደሚሰማ ታስረዳለች። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ "ገባኝ ልጄ፣ ገባኝ። በይ አሁን ውጊኝና ልሂድ፤ ባጃጁ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው" አሉ።

"ትንሽ ይታገሱኝ አባቴ" አለቻቸው። "ስለ አልኮሉ ገና አልነገርኩዎትም።"