ልጄን «ጨዋ ሆነች» ላላችሁኝ ሁሉ

ለማንም ያልነገርኩትን ዛሬ ልናገር። ልጄ ሐያት ከወር በፊት «እማ፣ ጧት ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» ብላኝ ነበር። እኔም «አስተግፊሩላህ በይ!» ብዬ ተቆጥቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

አባቷ በጦርነቱ ከሞተ ወዲህ ይህች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እያደር ሳቋን ተወች። ዓሣ ሲጠበስ ቀድማ የምትደርሰው ልጅ፣ አሁን አንዴ ጎርሳ ሳህኑን ትገፋለች።

ሰፈሩ ግን «ማሻአላህ፣ እንዴት ጨዋ ሆነች!» ይለኛል። እኛ ዘንድ የሴት ልጅ ድምፅ ሲጠፋ እናቷ ትመሰገናለች። ኧረ ተዉን!

ዛሬ ወደ ጤና ጣቢያ ልወስዳት ባጃጅ ስጠብቅ ጎረቤቴ ዘይነባ ሳቀችብኝ። «ልጅ ዝም አለች ተብሎ ሐኪም ቤት? በአላህ፣ የእኔንም ውሰጃትና ዝም ያሰኙልኝ!»

ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲለኝ ከአፌ የወጣው «ጨዋ ከሆነች ጀምሮ» የሚል ነበር።

እሱ አልሳቀም። «የምትወደውን ስትተው፣ ምግቧና እንቅልፏ ሲዛባ፣ ይህም ሳምንታት ሲያልፈው አትጠብቂ። ሞትን ካነሳች ግን የዚያኑ ቀን አምጫት» አለኝ።

እኔ ግን ያን ቃሏን ሰምቼ ወር ሙሉ ጠብቄያለሁ። ክትትሏን ዛሬ ጀምረናል።

ይህን ጽፌ ለሐያት አስነበብኳት። «ይለጠፍ?» አልኳት።

«ይለጠፍ። ግን እማ፣ ጨዋ ሆኜ አይደለም። መናገር ደክሞኝ ነው።»

እናንተስ ልጃችሁ ዝም ስትል ምን አላችኋት? ጻፉልኝ። ይህ ጽሑፍ በልጆቻቸው ዝምታ ለሚመሰገኑ የሐይቅና የውጫሌ ከተማ እናቶች ይድረስ።