የእቴቴ ክፍል

የንስሐ አባቴ ያውቃሉ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። ጾም በገባ ቁጥር እደውልላቸውና ጥቃቅኑን ኃጢአቴን እደረድራለሁ፤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ቅቤ እንዳለው ሳላይ የበላሁትን ብስኩት ሳይቀር። እሳቸው ስግደት ያዙኛል፣ እኔም እሰግዳለሁ። ብስኩቱን ተናዝዤ እቴቴን እዘላታለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ዘለልኳት! ዛሬ ለማላውቃችሁ ለእናንተ የምነግራችሁ ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

ያደረግኩት አንድ ክፍል ቢሮ ማድረግ ነው። ስትሰሙት ምን አለበት ትሉ ይሆናል፤ እኔም ለራሴ ስንቴ ምን አለበት ብያለሁ። ከቤት መሥራት ከተለመደ ወዲህ ጄኔቭ ውስጥ ባዶ ክፍሉን ቢሮ ያላደረገ ማን አለ? የእኔ ክፍል ግን ባዶ አልነበረም። የእቴቴ ነበር።

እቴቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጥታ ጄኔቭ ገባች፤ ዕድሜዋን የሆቴል አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ጨረሰች። አላገባችም፣ አልወለደችም። እኔ ለትምህርት ስመጣ የተቀበለችኝ ፕላንፓሌ ሰፈር በነበረችው አንዲት ክፍሏ ነው። አልጋውን ለእኔ ሰጥታ እሷ መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጋች። የምትበላበትን ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር አስጠግታ መብራት ገዛችልኝና «ይኼ ያንቺ ነው፣ ከእንግዲህ ሳህን አይቀመጥበትም» አለች። ሳጠና ዳዊቷን ይዛ ትወጣለች፤ የት እንደምትሄድ ጠይቄያት አላውቅም። አንድ ቀን ልብሴን ላጥብ ምድር ቤት ስወርድ፣ በሕንፃው የጋራ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ከሚጮኸው ማሽን አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስትጸልይ አገኘኋት። ቀኑን ሙሉ ከማጠቢያ ማሽን ጋር ውላ፣ እኔ እንዳልረበሽ ብላ ማታም እዚያው። «እዚህ ይሞቃል» አለችኝ። አመንኳት፤ ማመኑ ስለተመቸኝ።

ኋላ ተመረቅኩ፣ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ገባሁ፣ ከከተማው ዳር፣ ሜራን በሚባል ሰፈር ሰፋ ያለ አፓርታማ ያዝኩ። ልጄ ሊያ ተወልዳ አባቷ ጥሎን ሲሄድ እቴቴን ድረሺልኝ አልኳት። ያቺን የፕላንፓሌ ክፍል አንዴ ከለቀቀቻት መልሳ እንደማታገኛት ታውቃለች፤ ለቀቀቻት። ሊያን አዝላ አሳደገቻት። ሜራን ላይ የእሷ የነበረው ክፍል ጠባብ ነው፣ ግን የጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ መጋረጃ ያላት የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅላ፣ በየማለዳው እሷ ፊት ቆማ ትጸልያለች። አልጋዋ፣ ሻንጣዋ፣ በእጇ የጠለፈችው ትራስና የደም ግፊት መድኃኒቷ እዚያ ነበሩ። ሌላ ንብረት አልነበራትም።

ታናሽ እህቴ ራሔል የምትኖረው ዙሪክ አጠገብ፣ አድሊስቪል ነው። ሴት ልጅ ወለደች። የሚያርሳት ማን አለ? ያው እቴቴ ናት። ገንፎ ልታገነፋ፣ ሕፃኗን ልታጥብ፣ ሰማንያው ቀን ሞልቶ ክርስትና እስክትነሣ ልትከርም በባቡር ሄደች። በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ቴሌትራቫይ የሚፈልግ፣ ማለትም ከቤት መሥራት የሚፈልግ፣ ለብቻው የሚሆን ክፍል እንዳለው ያሳውቅ አለ። እኔ ምን አልኩ? «ማንም የማይጠቀምበት ክፍል አለኝ» አልኩ። የመጀመሪያዋ ውሸቴ ያቺ ናት።

ደግሞ ሳልነግራት አላደረግኩትም። ደወልኩላት። «እቴቴ፣ ክፍልሽን ለጊዜው ለሥራ ልጠቀምበት?» አልኳት።

«ምን ክፍል አለኝ ሂሩት ልጄ፣ ቤቱ ያንቺ። እኔ የትም እጋደማለሁ» አለች።

እናንተ አበሻ ናችሁ፤ ይህ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ ታውቁታላችሁ። «አይሆንም እቴቴ፣ እኔ ልሙት» የሚባልበት ቦታ ነው። እኔ ሁለቴ ሦስቴ አይሆንም ብዬ፣ እሷ ሁለቴ ሦስቴ ግድ የለም ብላ፣ በመጨረሻ ክፍሏ የእሷ ሆኖ የሚቀርበት ቦታ። እኔ ግን ያን ቀን ፈረንጅ ሆንኩ። ያለችውን እንዳለ ወሰድኩና «አመሰግናለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ይሉኝታዋን ፈቃድ አደረግኩት። አላውቅም ነበር? ባላውቅማ ለምን እንዲያ ቶሎ ዘጋሁት?

ከዚያ በኋላ እጄ ሥራ አልፈታም። አልጋዋን ፈታትቼ ምድር ቤት አወረድኩት። ግድግዳውን ለስላሳ አረንጓዴ ቀባሁ፣ ለዓይን የሚመች መብራት ገዛሁ፣ መስኮቱ ላይ አበባ አስቀመጥኩ። ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ሶፋም አስገባሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ይሆናል ብዬ። እንግዳው ማን ነበር? የኢንተርኔቱ መሰኪያ በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ስለሆነ ጠረጴዛዬ እዚያ ተቀመጠ፤ የእመቤታችንን ሥዕል አንሥቼ ኮሪደሩ ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ ሰቀልኳት። የጠለፈችውን ትራስ ግን አስቀረሁት። ከኋላዬ ሶፋው ላይ ሆኖ በካሜራ ሲታይ ያምር ነበር።

በመጀመሪያው ስብሰባ አለቃዬ «እንዴት ደስ የሚል፣ ሰውን ና ግባ ግባ የሚል ክፍል ነው!» አለችኝ። ስለ ትራሱም ጠየቀችኝ። «የባህላችን ነው» አልኳት። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ፣ ያ ጅብ እኔ ነኝ።

ሊያ ያኔ ገና የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ከትምህርት ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችው። «ሴ ጆሊ ማማ» አለች፣ ያምራል ማለቷ ነው። «ግን... እቴቴ የት ትተኛለች?»

«ሶፋው ይዘረጋል።»

«ሁልጊዜ?»

ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ ብዬ አባረርኳት።

እቴቴ ከክርስትናው በኋላ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለችና «እሰይ፣ አምሮበታል። ብርሃንም አለው» አለች። ሥዕሏን ኮሪደሩ ላይ ስታያት ጎንበስ ብላ ከሥሯ የተደረደሩትን ጫማዎች እያነሣች ወደ በሩ አሸሸቻቸው፣ ከዚያ እዚያው ቆማ ጸለየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ሥራ ሳልጀምር ተነሥታ አንሶላዋን ታጥፋለች፣ ሶፋውን ሶፋ ታደርገዋለች፣ ትራሱን በካሜራ በሚያምርበት ቦታ አስቀምጣ ትወጣለች። ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ትውላለች፣ ወይ በትራም ከተማ ደርሳ ትመለሳለች። ከክፍሉ የምትፈልገው ነገር ሲኖር አታንኳኳም። በሩ እስኪከፈት ኮሪደሩ ላይ ትቆማለች። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፤ እኔ የቆመችውን ሴት በበሩ ሥር ጥላዋን እያየሁ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ቁርስ በልታ የምትውጠው መድኃኒቷ ከማተሚያ ማሽኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበር። እዚያ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ ጠረጴዛ ላይ ሲታይ የበሽተኛ ቤት ይመስላል ብዬ። ለዕድገት በታጨሁበት ሰሞን በየጠዋቱ ስብሰባ ነበረኝ። አንድ ጠዋት እየተናገርኩ ሳለ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። እቴቴ ናት፤ አፏን ሳትከፍት በጣቷ መሳቢያውን አሳየችኝ። እኔ ከካሜራው በታች እጄን አራገብኩባት፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ያ ስብሰባ አልቆ ሌላ ተከተለ። መሃል ላይ መነሣት እችል ነበር። እችል ነበር፣ አልተነሣሁም። ለምሳ ስወጣ ጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀምጣለች፤ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል።

ሆስፒታል ስትሮክ ነው አሉ። ያን ሁሉ ዓመት የኖረችበት ፈረንሳይኛ ከአንደበቷ ጠፋ። አማርኛው ቀረላት፣ እሱም እየተኮላተፈ። ሐኪሟ ግን «የምንለውን ሁሉ ትሰማለች፣ ትረዳለች፣ መመለሱ ነው ያቃታት» አለችኝ። ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ሐኪሟ መድኃኒቷን ለምን እንዳልወሰደች ጠየቀቻት። እቴቴ ቃላቱን አንድ በአንድ ፈልጋ አመጣች።

«ሂሩት... ስብሰባ ላይ ናት። መድኃኒቱ... እዚያ ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት... ስብሰባ ነው።»

እኔ ወደ ሐኪሟ ዞርኩና በፈረንሳይኛ «ረስታው ነው» አልኩ።

ይኸው ነው ለንስሐ አባቴ ያልነገርኳቸው። ክፍሉን መውሰዴን ምናልባት እነግራቸው ነበር፤ ይህን ግን አልችልም። የገዛ ቃሏን ከአፏ ተቀብዬ በሌላ ለወጥኩባት። እየሰማች! እየተረዳች! ቀና ብላ አየችኝ። ትጮኻለች፣ አይደለም ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ራሷን ለመነቅነቅ አንደበት አያስፈልግም። እሷ ግን ዓይኗን ወደ አንሶላው መለሰች። የሆቴል ሠራተኛ ሳለች እንደምታደርገው፣ በደህናው እጇ ጫፉን ታስተካክል ጀመር።

«ብዙ ጊዜ ትረሳለች?» አለች ሐኪሟ።

«አዎ» አልኩ። «ከቅርብ ጊዜ ወዲህ።»

አንዴ ትረሳለች ከተባለ የመርሳት ምርመራ መጣ። ቀኑ ስንት እንደሆነ ስትጠየቅ እቴቴ «ዛሬ አቦ ነው» አለች። አቦ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር አንድ ቀን አልሳተችም። እኔም እንደ ታማኝ አስተርጓሚ «ዛሬ የአንድ ጻድቅ ቀን ነው ትላለች» አልኩ። ቀኑን ነው የነገረችሽ፣ ልክ ናት፣ እኛ ቀን የምንቆጥረው እንዲህ ነው ብዬ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብጨምር ምን ነበር? ሐኪሟ በሐዘኔታ ፈገግ አለች፣ እኔም ፈገግ አልኩ።

ቀን ቀን ብቻዋን መቀመጥ የለባትም ተባለ። ክፍሉስ? ክፍሉ ቢሮ ነው። ራሔል «እኔን አርሳ ስትመለስ ነው የታመመችው፣ እኔ ጋ ትምጣ» ብላ እያለቀሰች ወሰደቻት። የራሔል የወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ እዚያው አድሊስቪል አልተርስሃይም ገባች፣ የአረጋውያን ቤት ማለት ነው፤ ትረሳለች የሚለው ወሬ ቀድሟት ደርሶ ስለነበር የመርሳት በሽታ ካለባቸው ጋር አስቀመጧት። ቋንቋዋን የሚያውቅ የለም፣ እሷም የእነሱን ስዊስ ጀርመን አታውቅም። ብቻዋን ስታነበንብ ይሰሟትና እየዘባረቀች ነው ይላሉ። እሷ ግን ዳዊቷን በቃሏ እየደገመች ነው። እኔ ዕድገቱን አገኘሁ።

ባለፈው የፈረንጅ ክረምት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ለእሷው ልናዘዝ ቆርጬ አድሊስቪል ሄድኩ። ሥዕሏን እዚያም በክፍሏ ምሥራቅ ግድግዳ ላይ ሰቅላታለች። አንደበቷም በዓመታቱ ተፍታቷል። «የሊያ ፈተና ሐሙስ አይደል?» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። የጎረቤቴ የወይዘሮ ሙሉ ጉልበት ዳነ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የአባቴ ሙት ዓመት በሚቀጥለው ሳምንት መሆኑንም አስታወሰችኝ፣ እኔ ልጁ ረስቼው።

«እቴቴ» አልኳት፣ «ያኔ ሆስፒታል፣ ሐኪሟ ስለ መድኃኒቱ ስትጠይቅሽ እኔ...»

እጄን ያዘችው። «ረስቼዋለሁ፣ ልጄ» አለች።

አልረሳችም! የጎረቤቴን ጉልበት የማትረሳ ሴት ያን ቀን ትረሳለች? በገዛ ውሸቴ ሸፈነችኝ። ትረሳለች ብዬ ለሐኪም፣ ለእህቴ፣ ለልጄ ተናግሬ ነበርና፣ እንዳላፍር ብላ ውሸቴን እውነት አደረገችልኝ። እኔ ያን ጊዜ «አይሆንም እቴቴ፣ አልረሳሽም፣ ስሚኝ» ማለት ነበረብኝ። ሁለቴ ሦስቴ መለመን፣ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ያኔ በስልክ እንዳደረግኩት፣ ያለችውን እንዳለ ወሰድኩ። ግንባሯን ስሜ፣ ባቡሩ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተነሣሁ። እስከ በሩ ሸኘችኝና «ክፍሉ ብርድ የለውም? ስትሠሪ እግርሽን ሸፍኚ» አለችኝ።

እግዚአብሔር ይፍታሽ እንዳትሉኝ። አልጋዋ አሁንም ምድር ቤት ነው። ይህን የጻፍኩላችሁ በእሷ ክፍል፣ በምሥራቁ ግድግዳ ፊት ተቀምጬ፣ በሩን ዘግቼ ነው።